ጉጉቱ ሲያልቅ ምን ይደረግ?

ውፍረትን ስለ መቀነስና ባለሙያ ስለ ማማከር

(በእድራችን የሩብ ዓመት ስብሰባ ላይ አንድ የሠፈራችን ልብስ ሰፊ ያደረጉት ንግግር ነው። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት ይጠቅም ዘንድ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ እንዲወጣ ተደርጓል።)



ሊቀ መንበራችን «ስለ ጤና አንድ ነገር ተናገር» ሲሉኝ፣ «እኔ ሐኪም አይደለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ምን ብዬ ልናገር?» ብያቸው ነበር። እሳቸውም «የሠፈሩን ሰው ወገብ ካንተ የበለጠ የሚያውቅ ማን አለ?» አሉኝ። ነገሩ እውነት ነው። መኪና ግርግር ሜትር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ መሥራት ከጀመርኩ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነኝ። ድሮ ሰው ወደኔ የሚመጣው አዲስ ልብስ ለማሰፋት ነበር። ዛሬ ከሚመጡልኝ ሥራዎች አብዛኛው «ጠበበኝ፣ አስፋልኝ» የሚል ነው።

ስለ አንድ ሰው ልንገራችሁና ወደ ጉዳዬ እገባለሁ። ባለፈው ዓመት በዚሁ ግቢ ድንኳን የተከልንለትን ወንድማችንን ታስታውሳላችሁ። ስሙን አላነሣም፤ ቤተሰቦቹ እዚሁ ተቀምጠዋል፤ ይህንንም እንድናገር ፈቅደውልኛል። ያንን ጥቁር ሱሪውን ሦስት ጊዜ አስፍቼለታለሁ። በሦስተኛው ጊዜ «አቦ፣ ከዚህ በኋላ ጨርቁ አልቋል፤ ቀጥለህ የምትመጣው ለአዲስ ሱሪ ነው» ብዬው ተሳሳቅን። «ተመችቶሃል» አልኩት። እሱም ደስ አለው። ከአራት ወር በኋላ ሌሊት በአንድ ጎኑ ሰውነቱ አልታዘዝ አለው፤ ሳይነጋ ሆስፒታል ደረሰ፤ በሦስተኛው ቀን አረፈ። ሐኪሞቹ ለቤተሰቡ የነገሩት የደም ግፊቱ ምናልባት ለዓመታት ከፍ ብሎ እንደ ቆየ ነው። ተለክቶ ግን አያውቅም።

እንግዲህ የኔን ጥፋት ተመልከቱ። ወገቡን ሦስት ጊዜ ለክቻለሁ፤ አንድ ጊዜ እንኳ «ሂድና ተመርመር» አላልኩትም። ዛሬ የቆምኩት ስለዚህ ነው።

ልብ በሉ፤ ውፍረት ብቻውን ሰው ገደለ አላልኩም። ቀጭን ሆኖ የደም ግፊት ያለበት ብዙ ሰው አለ። ይሁን እንጂ ውፍረት፣ በተለይ በሆድ አካባቢ የሚከማች ስብ፣ ለደም ግፊት፣ ለስኳር በሽታና ለልብ ሕመም በር ይከፍታል። ጉዳዩ የጥቂት ሀብታሞች ነው የምትሉ ካላችሁም፣ አገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ሌላ ነው የሚለን። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች መካከል ከልክ በላይ ክብደት ያላቸው በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 3 ያህል ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ከመቶ 8 ሆኑ። ከተማ ለብቻው ሲታይ ከመቶ 21 ደርሷል፤ ማለትም ከአምስት ሴቶች አንዷ ማለት ነው። በዚያው ጥናት ከመቶ 22ቱ ሴቶች ደግሞ ከሚገባው በታች የከሱ ናቸው። አንዱ ጎረቤት ሲጎድልበት ሌላው በዝቶበት የሚታመምበት ዘመን ላይ ደርሰናል ማለት ነው።

በእኛ በሐረርስ ምን ተለወጠ? አባቶቻችን ከፈረስ መጋላ እስከ ኤረር በር፣ ከግድር መጋላ እስከ ሸዋ በር ሸክም ይዘው በእግር ይመላለሱ ነበር። የጀጎል ጠባብ መንገድ መኪና አያስገባምና ወዶም ሳይወድም ሰው ይራመዳል። ዛሬ ለሁለት መቶ ሜትር ባጃጅ እንጠራለን። ሥራችን መቀመጥ ሆኗል፤ እኔ ራሴ ከጧት እስከ ማታ ከመኪናዬ ፊት አልነሣም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በርጫ ላይ እንቀመጣለን። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ስለዚህ «ጫት ያከሳል» የሚል ሰው አለ። ነገር ግን አብሮት የሚጠጣውን ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ፣ የሚቆረጠመውን የባቢሌ ኦቾሎኒ፣ ከምርቃናው በኋላ በሌሊት የሚበላውን ፈጢራ ማን ቆጠረው? ጫቱ ራሱም የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ከወንድማችን ቀብር በተመለስኩ ማግስት ሜትሩን በራሴ ወገብ ዞርኩት፤ 108 ሳንቲ ሜትር። በሚዛን 94 ኪሎ ነበርኩ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ70 ነው። በዚህ የሚደረግ አንድ ቀላል ስሌት አለ፤ ቁመትን በሜትር በራሱ ታባዙታላችሁ፤ ክብደታችሁን ለዚያ ታካፍሉታላችሁ። የኔ 32 ተኩል መጣ። ከ25 በላይ ሲሆን ክብደት በዛ ይባላል፤ ከ30 በላይ ደግሞ እንደ ሕመም የሚታይ ውፍረት ነው።

ደነገጥኩ። ድንጋጤም ጉጉትን ይወልዳል። በዚያው ሳምንት ቁርስ ተውኩ፤ ምሳ ተውኩ፤ በጧት ሩጫ ጀመርኩ። በአምስት ሳምንት ስድስት ኪሎ ወረደልኝ። ለሁሉም ሰው አወራሁ። ከዚያ ጉልበቴ አበጠ፤ ሩጫው ቆመ። በዓል መጣ፤ ምሳ ተመለሰ። በሦስት ወር ውስጥ ስድስቱ ኪሎ ከአንድ ጭማሪ ጋር ተመለሰ። እንደገና ሞከርኩ፤ እንደገና ተመለሰ። ከዚያ በኋላ «እኔ ደካማ ሰው ነኝ፤ ወኔ የለኝም» ብዬ ደመደምኩ።

በመካከሉ አንድ የሕክምና ቦታ ሄጄ ነበር። የት እንደሆነ አልናገርም። ያገኘኝ ባለሙያ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ውፍረት ቀንስ፣ ቅባት ተው» ብሎ በአንድ ደቂቃ ሸኘኝ። እኔም አኩርፌ ስምንት ወር ያህል ማንንም ሳልጠይቅ ቀረሁ። አሁን ሳስበው ያኮረፍኩት በሱ ላይ ሳይሆን በራሴ ጤና ላይ ነው። አንድ ልብስ ሰፊ ቢያበላሽባችሁ ራቁታችሁን አትሄዱም፤ ሌላ ትፈልጋላችሁ።

በመጨረሻ ባለቤቴ እጄን ይዛ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። እዚያ አንዲት የጤና መኮንን ተቀበለችኝ። ግፊቴን ሁለት ቀን በተለያየ ጊዜ ለካች፤ 158 በ96 ሆነ። በባዶ ሆድ የተመረመረው ስኳሬ 118 ነበር። «ጋሼ፣ የስኳር በሽታ አልያዘዎትም፤ ደጃፉ ላይ ግን ቆመዋል» አለችኝ። ከዚያ «ስንት ኪሎ መቀነስ ይፈልጋሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ሃያ አምስት» አልኳት። ሳቀች። «እኔ የምጠይቅዎት አምስት ኪሎ ብቻ ነው፤ ጊዜውም ስድስት ወር» አለችኝ።

እኔ የቀለደችብኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን በወግ አስረዳችኝ። ሰው ከክብደቱ ከመቶ አምስቱን እንኳ ቢቀንስ ግፊቱም ስኳሩም መሻሻል ይጀምራል። በአሜሪካ በስኳር ደጃፍ ላይ የቆሙ 3,234 ሰዎች የተካፈሉበት፣ ውጤቱም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002 የታተመ ትልቅ ጥናት አለ። ከነዚህ ሰዎች አንዱ ክፍል ከክብደቱ ከመቶ ሰባት እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ እንዲራመድ ተደረገ። በሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ፣ ምክሩን ካላገኙት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በመቶ 58 ቀነሰ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። እነዚያ ሰዎች «በርቱ» ተብለው ብቻ አልተለቀቁም። በመጀመሪያው ስድስት ወር ውስጥ ከአማካሪ ጋር አሥራ ስድስት ጊዜ እየተቀመጡ ተምረዋል። እነሱም በወኔ ብቻ አልሆነላቸውም ማለት ነው።

ሌላም ነገር ነገረችኝ፤ ይኼኛው ነው ልቤን ያሳረፈው። ሰው ሲከሳ ሰውነቱ ረሃብ የመጣ ይመስለዋል። የመብላት ፍላጎትን ይጨምራል፤ የሚያቃጥለውንም ጉልበት ይቆጥባል። ስለዚህ የወረደው ኪሎ ሲመለስ ሰውየው ሰነፍ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ሰውነቱም እየተሟገተው ነው። ይህን ከሰማሁ ጀምሮ ራሴን መስደብ አቆምኩ።

ታዲያ ጉጉቱ ሲያልቅ ምን ይደረግ? ማለቁ አይቀርምና። እኔን የረዱኝን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ አንድ በአንድ መለወጥ ነው። በሱቄ ውስጥ በቀን ስድስት ሻይ እጠጣ ነበር፤ በያንዳንዱ ሦስት ማንኪያ ስኳር። አሥራ ስምንት ማንኪያ፣ ማለትም 72 ግራም ያህል ስኳር ማለት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ያወጣው መመሪያ፣ ለአዋቂ ሰው በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ከ25 ግራም በታች ቢሆን ደግሞ እንደሚሻል ይናገራል። እኔ በሻይ ብቻ አልፌዋለሁ! በመጀመሪያው ወር ሦስቱን ማንኪያ ሁለት አደረግሁ፤ በሁለተኛው አንድ። ሌላ ምንም አልነካሁም። ምላስ ይለምዳል። ዛሬ ሦስት ማንኪያ ያለበት ሻይ ቢሰጡኝ አልጨርሰውም።

ሁለተኛ፣ ቤቱ ካልተስማማ አይሆንም። እኔ ብቻዬን ጎመን ስበላ ልጆቼ ሳምቡሳ ቢበሉ ከሦስት ቀን በላይ አልዘልቅም። ባለቤቴ ሰው ሳይሰማት በወጥ ውስጥ የሚገባውን ዘይት ቀነሰች። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል ጉልበት አለው፤ የሚቀዳው ደግሞ በጭልፋ ነው። አምስት ሊትር ዘይት ለስድስታችን ሦስት ሳምንት ነበር የሚበቃን፤ አሁን አምስት ሳምንት ይሄዳል። ልብ በሉ፣ ኪሳችንም ተጠቅሟል። የማሽላ እንጀራው፣ ሽሮው፣ ሁልበቱ አልቀረም። የቀረው ሁለተኛው ሰሐን ነው።

ሦስተኛ፣ በየቀኑ ሚዛን ላይ አለመውጣት ነው። ክብደት ከቀን ወደ ቀን በውኃ ብቻ እንኳ ይወርዳል፣ ይወጣል። እኔ እሑድ እሑድ ጧት ብቻ እለካለሁ፤ በደብተርም እጽፋለሁ። በአምስተኛው ወር 89 ኪሎ ላይ ደርሼ ለሰባት ሳምንት አልነቃነቅ አለኝ። ያን ጊዜ ልተወው ነበር። የጤና መኮንኗ «ሚዛኑን ይተዉት፤ የሙያዎን ዕቃ ያውጡ» አለችኝ። ሜትሩን ስዞረው ወገቤ በዚያው ሰባት ሳምንት ሁለት ሳንቲ ሜትር ቀንሷል። ሚዛኑ ዝም ሲል ሜትሩ ይናገር ነበር።

አራተኛ፣ አንድ ቀን ሲበላሽ ሁሉን አለመጣል ነው። በሠርግ ቤት ጠግቦ የበላ ሰው «ከእንግዲህማ ተበላሽቷል» ብሎ ሳምንቱን ሙሉ ይበላል። ይህ ስሕተት ነው። በሙያችን አንድ ስፌት ሲተረተር ሱሪውን አንጥለውም፤ የተተረተረችዋን ብቻ ደግመን እንሰፋለን።

አምስተኛ፣ ጾምን የሚመለከት ነው። የረመዳንም ሆነ የዐቢይ ጾም በራሱ ያከሳል ብላችሁ አትተማመኑ። ማታ በፈጢራና በሳምቡሳ፣ በጾም በዘይት በተጥለቀለቀ ወጥ የምንክሰው ከሆነ ኪሎው ባለበት ነው። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ጾም ከመግባቱ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን ሊለወጥ ይችላል።

ስድስተኛ፣ ጓደኛ ነው። ብቻዬን ስሮጥ ያቆምኩትን፣ ከጎረቤቴ ጋር ስራመድ አላቆምኩትም። ጧት ብርድ ሲሆን ልቀር እልና እሱ በር ላይ ቆሞ እንደሚጠብቀኝ ሳስብ እነሣለሁ። እሱም ኋላ ላይ «እኔም ባንተ አፍሬ ነበር የምነሣው» አለኝ።

አሁን ደግሞ አንድ ቅሬታ አለኝ፤ በእናንተው ላይ ነው፤ አትቀየሙኝ። አምስት ኪሎ ሲወርድልኝ ከዚህ ሠፈር ያገኘሁት ሰላምታ ምን ነበር? «ምን ነካህ? ከሳህ እኮ!» «ስኳር ያዘህ እንዴ?» አንዲት እናታችንማ ገንፎ በቅቤ ይዘው መጡ፤ «ልጄ፣ ደብቀኸን ታመሃል» ብለው አለቀሱ። ያንን ገንፎ በላሁት፤ እንባቸውን አይቼ እንዴት እምቢ ልበል?

ነገሩ ከፍቅር የመጣ መሆኑን አውቃለሁ። ብዙ ረሃብ ባየ አገር ውፍረት የምቾት ምልክት ነው። ቀጥሎም ኤድስ ብዙ ሰው በጨረሰበት ዘመን ሰው በከሳ ቁጥር እንፈራ ነበር። ግን ተመልከቱ፤ ሲወፍር «ተመቸህ» ብለን እናደንቃለን፤ ሲከሳ «ታመምክ» ብለን እናስደነግጣለን። ወንድማችንን «ተመችቶሃል» ያልኩት እኔ ነኝ። ወፍራሟን ልጅ በሰው ፊት «አንቺ በርሜል» ብሎ መቀለድ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። የተሰደበ ሰው አይከሳም፤ ተደብቆ ይበላል እንጂ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ባለሙያ መጠየቅ ያለበት ማን ነው? ሁሉም የወፈረ ሰው ነገ ሆስፒታል ይሰለፍ አልልም። ነገር ግን ከሚከተሉት አንዱ ያለበት ሰው ብቻውን ባይታገል ይሻለዋል።

ሀ) ወገቡ ለወንድ ከ102፣ ለሴት ከ88 ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነ። አለካኩን ልንገራችሁ፤ በሱሪ ቁጥር አትመኑ። እኛ ወንዶች ሱሪያችንን ከሆድ በታች ስለምንታጠቅ ሆዱ ሲያድግ የሱሪው ቁጥር ባለበት ይቆያል። የሚለካው በመጨረሻው የጎን አጥንትና በዳሌ አጥንት መካከል ነው፤ ሆድ ሳይሳብ፣ ትንፋሽ ወጥቶ።

ለ) በቤቱ ሦስት ወር ያህል በደንብ ሞክሮ ለውጥ ያላየ፣ ወይም እንደኔ ወርዶ ወርዶ የሚመለስበት።

ሐ) የደም ግፊት፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት፤ ጉልበቱን የሚያመው፤ ወይም በእንቅልፉ አጥብቆ የሚያንኮራፋና ትንፋሹ ቆም የሚል፣ ቀን ደግሞ ተቀምጦ የሚያንቀላፋ።

መ) ሳይታወቅ በአጭር ጊዜ የወፈረ። እንቅርት ባይታይም የዚያ ዕጢ ሥራ መቀዝቀዝ ሊያወፍር ይችላል። አንዳንድ መድኃኒቶችም ክብደት ይጨምራሉ። ይሁን እንጂ መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ላዘዘላችሁ ሰው ንገሩ።

ሠ) መብላት ሲጀምር ማቆም የሚያቅተው፣ ከሰው ተደብቆ የሚበላ፣ በልቶ ሆን ብሎ የሚያስመልስ፣ ወይም ልቡ አዝኖ ከሰው የራቀ። ይህ ሕመም ነው፤ በምክርና በሕክምና የሚረዳ ነው። ለመናገር የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ረ) እርጉዝ፣ የምታጠባ እናት፣ ወይም ገና በማደግ ላይ ያለ ልጅ። እነዚህ ያለ ባለሙያ ምክር ምግብ መቀነስ የለባቸውም።

ሰ) ሳይፈልግ፣ ሳይሞክር የሚከሳ ሰው። በተለይ ውኃ ጥም፣ ሽንት መመላለስ፣ ሳል ወይም የሌሊት ላብ ካለበት ሳይውል ሳያድር ይሂድ። ስኳርም፣ የሳንባ ነቀርሳም ሊሆን ይችላል።

ደረት ሲጨንቅ፣ ፊት ሲጣመም፣ አንድ እጅ ወይም እግር ሲሰንፍ፣ ንግግር ሲተሳሰር ግን ቀጠሮም ምክርም የለም፤ በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ነው። ወንድማችን ምልክቱ ከጀመረው በኋላ «እስኪነጋ ልረፍ» ብሎ ሦስት ሰዓት ቆይቷል።

የት ይኬዳል? መጀመሪያ ቅርባችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ሰው ወደ ጀጎል ሆስፒታል ወይም ወደ ሕይወት ፋና ይላካል። ስትሄዱ ቁርስ ሳትበሉ በጧት ሂዱ፤ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህሉንም ጭምር፣ በፌስታል ያዙ። እንደኔ በአንድ ደቂቃ እንዳትሸኙ ሦስት ጥያቄ ጽፋችሁ ግቡ። «ግፊቴና ስኳሬ ስንት ነው? በስድስት ወር ስንት ኪሎ ብቀንስ ይበቃኛል? መቼ ተመልሼ ልታይ?» ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። ሰው ቀጠሮ ሲኖረው ይበረታል። እኔ ሻዬን ያለ ስኳር የጠጣሁባቸው ብዙ ቀኖች ቀጠሮዬ የቀረበባቸው ናቸው።

ስለ መድኃኒትም አንድ ቃል። በስልክ የሚታዩ «በአሥር ቀን አሥር ኪሎ» የሚሉ ቅጠሎችና ሻዮች አሉ፤ ውስጣቸው ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ አትግዙ። አሁን ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወጋ ሴማግሉታይድ የሚባል መድኃኒት ስሙ ገንኗል። እውነተኛ መድኃኒት ነው፤ ለሚገባው ሰው በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል። ሆኖም ሲቆም ብዙዎቹ ላይ ክብደቱ ይመለሳል፤ ዋጋውም ውድ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በሰኔ 2016 ዓ.ም. በሌሎች አገሮች ሐሰተኛው እንደ ተገኘ አስጠንቅቋል። ስለዚህ በሻንጣ መጣ ተብሎ ከሰው እጅ የሚገዛ አይደለም።

የኔ ነገር የት ደረሰ ለምትሉኝ፣ አሥራ አራት ወር ሆነኝ። 87 ኪሎ ነኝ። ወገቤ 100 ነው። አንዲት የግፊት ክኒን በቀን እወስዳለሁ፤ ግፊቴ ባለፈው ቀጠሮ 134 በ84 ነበር። አሁንም ወፍራም ነኝ፤ ታዩኛላችሁ። ሃያ አምስት ኪሎ አልወረደልኝም፤ ምናልባትም አይወርድልኝም። ግን ከደጃፉ ፈቀቅ ብያለሁ፤ የቡዳ በርን ዳገት ሳላርፍ እወጣለሁ።

በመጨረሻም ለስብሰባው አራት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በእድራችን ቡናና ሻይ ላይ ስኳር ለብቻው ይቅረብ፤ የፈለገ ይጨምር።

ሁለተኛ፣ «ወፈርክ»፣ «ከሳሽ» የሚለውን ሰላምታ እንተወው። «እንዴት ዋልክ? እንዴት ነሽ?» ይበቃናል። የምር የሚያሳስበን ከሆነ ለብቻ ወስደን «ተለክተሃል ወይ?» ብለን እንጠይቅ።

ሦስተኛ፣ በየሳምንቱ ረቡዕና እሑድ ጧት የፈለገ ሁሉ በአንድነት ይራመድ። ከሸዋ በር ተነሥተን፣ በቡዳ በር፣ በሰንጋ በር፣ በኤረር በር፣ በፈላና በር አድርገን የግንቡን ዙሪያ ብንዞር ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ቀስ ቢባል ከአንድ ሰዓት አያልፍም። ጅቦቹ ገብተው ሲያልቁ እንወጣለን፤ ስለሱ አትሥጉ። ጉልበቱን የሚያመው ከመንገዱ ግማሹን ይሂድ።

አራተኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በየሩብ ዓመቱ ስብሰባችን ላይ መጥታ የፈለገውን ሰው ግፊት እንድትለካ ኮሚቴው ይጠይቅልን። የወገቡን እኔ እችላለሁ። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ከቀትር በፊት በእድሩ ቤት ሜትሬን ይዤ እቀመጣለሁ። ዋጋ የለውም። ሴቶችን ባለቤቴ በጓዳ ትለካለች። ቁጥሩ በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ለባለቤቱ ብቻ ይሰጣል፤ አይነበብም፤ አይወራም።

ያንን ጥቁር ሱሪ ባለቤቱ ሳይወስደው ሱቄ ውስጥ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ባለፈው ሳምንት ለልጁ ልሰጠው ስጠራው ልኬ አየሁት። የልጁ ወገብ 96 ነው፤ ዕድሜው ሃያ ስድስት። በዚህ ጊዜ ግን «ተመችቶሃል» አላልኩትም። ማክሰኞ ጧት አብረን ጤና ጣቢያ ሄደናል።